ልጄ ሌሊት ትንፋሼን ትቆጥር ነበር

አሁን 49 ዓመቴ ነው። በ46 ዓመቴ 118 ኪሎ ነበርኩ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ72 ነው። ዛሬ 88 አካባቢ እመዝናለሁ። 30 ኪሎውን ለመቀነስ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጅቶብኛል። ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ በተሳሳተ መንገድ ሄጄ ተመልሻለሁ። ይህን የምጽፈው በእኔ ዕድሜ ላሉ፣ ልጅ እያሳደጉ ላሉ፣ "ከሰኞ ጀምሮ" ሲሉ ዓመታት ለነጎዱባቸው ሰዎች ነው። የተሳሳትኩበትን አብዝቼ እነግራችኋለሁ። ከእኔ የሚጠቅማችሁ እሱ ይመስለኛል።

ውፍረቱ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። በ30ዎቹ ዕድሜዬ በየዓመቱ ሁለት ሁለት ኪሎ እየጨመርኩ ሄድኩ። ቀበቶ አንድ ቀዳዳ ሲለቅ ሰው ልብ አይልም፤ እኔም አላልኩም። ሥራዬ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ነው። ቀኑን ሳልበላ ውዬ ማታ ደክሞኝና ርቦኝ እገባለሁ፤ ያልበላሁትን ሁሉ በአንዴ እበላዋለሁ። ሰዎች "ተመችቶሃል" ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ምግብ ማቃጠሉን ስለሚቀንስ ነው ብዬም ራሴን አሳምኜ ነበር።

በኋላ ያነበብኩት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ ከ6,400 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት አለ። የሰውነት መጠን ከግምት ሲገባ ሰውነታችን የሚያቃጥለው ኃይል ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ ብዙም እንደማይለወጥ አሳይቷል። በ40ዎቹ የሚለወጠው በአብዛኛው ኑሯችን ነው። መቀመጥ ይበዛል፣ እንቅልፍ ያንሳል፣ የማንሠራበት ጡንቻ ይመነምናል። ይህን ማወቄ ተስፋ ሰጠኝ። ዕድሜን መመለስ አልችልም፤ ኑሮዬን ግን በትንሹም ቢሆን መነካካት እችላለሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ በ45 ዓመቴ ነበር። ያኔ 115 ኪሎ ነበርኩ። ለምርመራ ሄጄ ግፊቴ 152 በ96 ሆኖ ተገኘ። የሦስት ወር የስኳር አማካዬ ደግሞ 6.2። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ቅድመ ስኳር ይባላል፤ 6.5 ከደረሰ ስኳር በሽታ ነው። አባቴ በስኳር ሕመም አንድ እግሩን አጥቷል። ከመቆረጡ በፊት ቁስሉን የማጥብለት እኔ ነበርኩ። ውጤቱን ይዤ ስወጣ ፊቴ ላይ ድቅን ያለብኝ የአባቴ እግር ነው። ፈራሁ። በፍርሃት የተጀመረ ነገር ደግሞ ይቸኩላል።

በማግስቱ ጀመርኩ፤ ለማንም ሳልናገር። ቁርስ ቀረ፣ ምሳ ቀረ፣ ማታ ትንሽ አትክልት ብቻ። በመጀመሪያው ሳምንት 4 ኪሎ ወረደ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አብዛኛው ውሃ መሆኑን ግን አላወቅኩም። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ያስቀመጠውን ስኳር ሲጠቀም አብሮት የነበረው ውሃም ይወጣል። የመጀመሪያውን ሳምንት ቁጥር አትመኑት የምላችሁ ለዚህ ነው።

በሁለት ወር 14 ኪሎ ቀነስኩ። ግን ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ሆንኩ። በሆነው ባልሆነው እቆጣለሁ። እራት ሲቀርብ "በልቻለሁ" ብዬ ወደ መኝታ ቤት እገባለሁ። ለቤተሰቤ ብዬ የጀመርኩት ነገር ከቤተሰቤ ገበታ አስነሳኝ። ያኔ አልታየኝም።

ከዚያ አንድ ሌሊት ከቀኝ ጎኔ፣ ከጎድኔ ሥር የጀመረ ሕመም ወደ ጀርባዬ ዘለቀ። መቀመጥም መተኛትም አልቻልኩም። ሊነጋ ሲል ሐኪም ቤት ደረስን። የሐሞት ጠጠር ነበር። ሐኪሙ ካየኝ በኋላ "በቅርቡ በፍጥነት ኪሎ ቀንሰዋል?" ሲል ጠየቀኝ። ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። ሁለት ወር ሙሉ "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ስላት ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኪሎ በጣም በፍጥነት ሲወርድ ጉበት ወደ ሐሞት ብዙ ኮሌስትሮል ይለቃል። ምግብ ሲጠፋ ደግሞ የሐሞት ከረጢቱ እንደ ልማዱ አይጨመቅም። የተከማቸው ይጠነክርና ጠጠር ይሆናል። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። እባካችሁ አትቸኩሉ። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ በቂ ነው፤ ከዚያ ያነሰም ይቆጠራል።

ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና ወጣ። ዳይቱም በዚያው ቀረ። በዓመቱ 14ቱም ኪሎ ተመለሰ፤ 3 ጨምሮ። 118 የደረስኩት እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ኪሎ ማውራትም መስማትም አልፈለግኩም።

የቀሰቀሰኝ ልጄ ናት። ባለቤቴ እናቷን ለማስታመም ለሁለት ሳምንት ሄዳ ስለነበር የ9 ዓመት ልጃችን ከእኔ ጋር ትተኛ ነበር። አንድ ሌሊት ስባንን አልጋው ላይ ቁጭ ብላለች። ጉልበቷን አቅፋ ፊቴን እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

"ምነው የኔ ልጅ? ለምን አልተኛሽም?" አልኳት።

"አባዬ፣ ትንፋሽህ ሲቆም እየቆጠርኩ ነው።"

"እስከ ስንት ደረስሽ?"

"አንዴ 31። 40 ከደረሰ ልቀሰቅስህ ነበር።"

40ን ማንም አልነገራትም። ብቻዋን በጨለማ አስባ የወሰነችው ቁጥር ነው። በዚያው ሳምንት አስተማሪዋ "ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እየወሰዳት ነው" ብላኝ ነበር፤ ቴሌቪዥን አምሽታ እያየች ነው ብዬ ተቆጥቻታለሁ። ያን ሌሊት አቅፌያት ተኛሁ። መተኛትስ አልተኛሁም።

ጠዋት ለባለቤቴ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። የደበቅኩትን፣ የፈራሁትን፣ ደረጃ ስወጣ ስልክ የሚያናግር መስዬ እየቆምኩ ትንፋሼን እንደምሰበስብ ሁሉ። ዝም ብላ ከሰማችኝ በኋላ "አሁን ሁለት ሆንን" አለችኝ። ካደረግኩት ሁሉ ትልቁ ያ ስልክ ነው። ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከጀመራችሁ አብሯችሁ ለሚኖር አንድ ሰው ንገሩ። በድብቅ የተጀመረ በድብቅ ይቀራል።

በመጀመሪያ የእንቅልፍ ምርመራ አደረግኩ። በሰዓት 38 ጊዜ ትንፋሼ ይስተጓጎል ነበር። ከ30 በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። ሌሊት አየር የሚገፋልኝ ሲፓፕ የሚባል ማሽን ተሰጠኝ። ጭምብሉን ለመልመድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ ግን ጠዋት ራሴን ሳያመኝ መንቃት ጀመርኩ፤ ከሰዓት በኋላ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚለኝም ቀነሰ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ረሃቡ ይጨምራል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ዳይት መጀመር ከባድ ነው። ጮክ ብላችሁ የምታንኮራፉ፣ ትንፋሻችሁ የሚቆም፣ ቀን ቀን የሚያንጎላጃችሁ ከሆነ ከምንም በፊት ይህን ተመርመሩ።

የምትከታተለኝ ሐኪም ቀጥላ ስለ ኪሎ አነሳች። "መጀመሪያ 8 ኪሎ እንቀንስ" አለችኝ። ከ118 ላይ 8 ምን ይጠቅማል ብዬ ተከራከርኳት። እሷም እ.ኤ.አ. በ2002 ስለታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነገረችኝ። ቅድመ ስኳር ያለባቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። አንደኛው ቡድን ክብደቱን በ7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ ስኳር በሽታ የመሸጋገር ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት በወሰዱት ላይ የቀነሰው በ31 በመቶ ነው። 7 በመቶ ማለት ለእኔ 8 ኪሎ ነው። የአባቴን እግር ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ይህ ቁጥር ልቤ ውስጥ ገባ።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "በጣም መጥፎ ቀንዎ ምን ይመስላል?" አለችኝ። ግራ ገባኝ። "ሥራ አምሽቼ፣ ምሳ ሳልበላ፣ ተናድጄ ከምሽቱ 3 ሰዓት ቤት የምገባበት ቀን" አልኳት። "እንግዲያው ዕቅዱን ለዚያ ቀን እናውጣ። ጥሩ ቀንማ ራሱን ይችላል" አለችኝ።

እኔ ሁልጊዜ ዕቅድ የማወጣው ለጥሩ ቀን ነበር። በጥሩ ቀን ሁሉም ነገር ይቻላል። አንድ መጥፎ ቀን ሲመጣ ግን ሁሉም ይፈርሳል፤ አንዴ ከፈረሰ ደግሞ "በቃ ተበላሽቷል" ብዬ እተወዋለሁ። ያዝ ለቀቅ የሚያደርገን ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ በመጥፎ ቀኔ የምችለውን ብቻ ያዝኩ። ለስላሳ መጠጥ ተውኩ። ግማሽ ሊትሩ 50 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ቀን ሳልበላ መዋል አቆምኩ። ባለቤቴ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ጥራጥሬ በዕቃ ታደርግልኛለች፤ ስብሰባ ላይ ብሆን እንኳ ወጣ ብዬ እበላለሁ። ቀን የበላሁ ቀን ማታ ገበታ ላይ አልወርድበትም። ከእራት በኋላ ደግሞ 10 ደቂቃ እንራመዳለን። ከምግብ በኋላ መራመድ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ እንዳይል ይረዳል። ለእኔ ግን የበለጠ የጠቀመኝ ልጄ አብራኝ መሄዷ ነው።

የመጀመሪያው ቀን 10 ደቂቃው ረጅም ነበር። ጉልበቴ ያመኛል፣ ትንፋሼ ይቆራረጣል። ልጄ ሁለት እርምጃ ትቀድመኝና ቆማ ትጠብቀኛለች። ለጉልበታችሁ የምትፈሩ ሰዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጉልበት ሕመም ባላቸው ሰዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ኪሎ ስትቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበታችሁ ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። 5 ኪሎ ስቀንስ ጉልበቴ እፎይ ማለት ጀመረ። 10 ደቂቃው 20 ሆነ፣ ከዚያ 40። ማንም አላስገደደኝም።

ወጥ ቤቱን የቀየረችው ባለቤቴ ናት። ለእኔ ብቻ የሚሠራ ምግብ አልነበረም፤ ሁላችንም የምንበላው አንድ ነው። ዘይት ከጠርሙሱ ማንቆርቆር ትታ በማንኪያ መለካት ጀመረች። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ስትለካው በፊት ምን ያህል እንደምናፈስ አይታ ደነገጠች። ሳህኔ ላይ ግማሹ አትክልት ሆነ። ፕሮቲን ከየምግቡ እንዳይጠፋ አደረግን። በዚህ ዕድሜ ስንከሳ ከስቡ ጋር ጡንቻም ይሄዳል፤ እንዲተርፍ በቂ ፕሮቲንና ጡንቻ የሚያሠራ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል።

በአራተኛው ወር 106 ደረስኩ። እዚህ ላይ የሠራሁት ስህተት እስከ ዛሬ ያመኛል። ኪሎው ሲወርድ አፌ ተፈታ። ገበታ ላይ "ይሄ ያወፍራል"፣ "ይሄንን ብበላ አበቃልኝ" እላለሁ። ሆዴን ይዤ "ይሄን ቦርጭ ካላጠፋሁት" እላለሁ። አንድ ማታ ልጄ ዳቦዋን ግማሽ አድርሳ ወደ ጎን ገፋችው። "ለምን ተውሽው?" አልኳት። ልብሷን ገለጥ አድርጋ በሁለት ጣቷ ሆዷን ቆነጠጠች። "አባዬ፣ ይሄም ቦርጭ ነው?"

ቀጭን ልጅ ናት። ባትሆንም ያው ነበር። የምመልሰው ጠፋኝ። ባለቤቴ "ሆድሽማ ምግብ የሚገባበት ቦታ ነው፤ ብይ የኔ እናት" ብላ ዳቦውን መለሰችላት። ከተኛች በኋላ ግን "ስለ ራስህ ሰውነት የምትናገረውን ልጅቷ ስለ ራሷ ነው የምትሰማው" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበታ ላይ ስለ ኪሎ አይወራም። ሚዛኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ። ስለ ምግብ ስናወራ ይጣፍጣል፣ ጉልበት ይሰጣል እንላለን። ልጆች ያሏችሁ፣ ይህን ከመጀመሪያው ቀን አድርጉት። ልጄ ዳቦዋን ሳታመነታ እስክትበላ ድረስ ወራት ፈጅቷል።

በስድስተኛው ወር አካባቢ ከወንበር ስነሳ ዓይኔን ያጨልመኝ ጀመር። ግፊቴ ወርዷል፤ እኔ ግን የግፊት መድኃኒቱን በድሮው መጠን እየወሰድኩ ነበር። ሐኪሟ ከሁለቱ ኪኒኖች አንዱን አስቀረችልኝ። በራሴ ብተወው ኖሮ ሌላ አደጋ ነበር። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የምትወስዱ ደግሞ ከእኔ የበለጠ ተጠንቀቁ። ምግብ ቀንሳችሁ መድኃኒቱ እንዳለ ከቀጠለ ስኳራችሁ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ሰዎች "ምነው ከሳህ? አሞሃል እንዴ?" ማለት የጀመሩትም ያኔ ነው። መጀመሪያ ላይ ይከፋኝ ነበር። በኋላ "እየተሻለኝ ነው" እያልኩ መመለስ ለመድኩ።

99 ላይ ስደርስ ቆመ። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ከ99 ንቅንቅ አላለም። በየቀኑ እመዘን ስለነበር ጠዋት ያየሁት ቁጥር ቀኔን ሁሉ ይወስነው ነበር። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ የቀለለ ሰውነት የሚያቃጥለው ያነሰ ነው፤ የረሃብ ሆርሞኖችም ይጨምራሉ። ሰውነቴ የጠላኝ ሳይሆን የሚያውቀውን ክብደት ሊጠብቅልኝ እየታገለ ነው። ያኔ ሦስት ነገር ቀየርኩ። የየቀኑን ቁጥር ትቼ የሳምንቱን አማካይ መያዝ ጀመርኩ። ወገቤን በሜትር ለካሁ። 121 ሴንቲ ሜትር የነበረው 108 ሆኗል፤ ለወንድ ከ102 በላይ ከሆነ አደጋው ከፍ ይላል፣ ለሴት ከ88። ሚዛኑ በቆመባቸው ሳምንታትም ወገቤ 2 ሴንቲ ሜትር ቀንሶ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያሠራ ስፖርት ጨመርኩ። ጂም አልገባሁም። ከወንበር ሳልደገፍ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ በላስቲክ መጎተት። በአሥረኛው ሳምንት 98.3 አየሁ።

በሁለተኛው ዓመት እናቴ ሞተች። ስለዚያ ብዙ ማለት አልችልም። ሦስት ወር እንደፈለገ በላሁ፣ እንደፈለገ ተኛሁ። 91 ደርሼ ነበር፤ 98 ገባሁ። ወደ ድሮው መመለሴ ነው ብዬ እጄን ሰጥቼ ነበር። አንድ ማታ ልጄ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆመች። 11 ዓመቷ ነበር። "አባዬ፣ 10 ደቂቃ ብቻ" አለችኝ። የመጥፎ ቀን ዕቅዱን እኔ ረስቼው እሷ አልረሳችውም። ወጣን። ብዙም አላወራንም። በማግስቱም ወጣን። ሐዘኑ አልቀለለም፤ ኪሎው ግን መጨመሩን አቆመ፤ ከወር በኋላም መውረድ ጀመረ። ከወደቃችሁ ያጠፋችሁትን ለማካካስ ራሳችሁን አታስርቡ። ከትንሿ ነገር ጀምሩ፣ ያውም በዚያው ቀን።

ኪሎ ለመቀነስ በየሳምንቱ ስለሚወጉት አዳዲስ መርፌዎች የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። እኔ አልወሰድኩም። የወሰደ ጓደኛ አለኝ፣ ጠቅሞታል፤ የሚያሳፍርም ነገር የለውም። በሐኪም ክትትል ይሁን። ሲቆም ብዙውን ጊዜ ኪሎው ስለሚመለስ፣ ከመርፌው ጎን ለጎን የመጥፎ ቀን ዕቅድ ይኑራችሁ።

ባለፈው ወር የስኳር አማካዬ 5.6 ነበር። ግፊቴ በአንድ ኪኒን 128 በ82 ነው። የእንቅልፍ ምርመራውንም ደግሜ ነበር፤ 38 የነበረው 9 ሆኗል። ሐኪሟ ማሽኑን እያየን እንተወዋለን ብላኛለች፤ በራሴ ግን አልጣልኩትም። አሁንም መጥፎ ቀኖች አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ነበሩ።

ዛሬ ጠዋት 88.4 ነኝ። ማታ እንደ ልማዳችን ልንራመድ ነው። የልጄ ጫማ ጠቧታል፣ ተረከዟን ልጦታል። መጀመሪያ ጫማ እንገዛለን።